ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የሚባለው ጉንዳን የሙዚየም ሪከርዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና አካባቢ ባሉ የቤተክርስቲያን ደኖች ስለሚገኘው ትንሽ ጉንዳንና ስለ ሙዚየም ሪከርዶቹ በየጊዜው የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ የኛ አቆጣጠር ነው ካላልኩ በስተቀር አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ይሄ ጉንዳን የትኛው ነው? ቤት ውስጥ ስኳር የሚወረው ቁጫጭ ነው እንዴ?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እኛ አገር ትንሽ የሆነውን ሁሉ ቁጫጭ እንለዋለን፣ ተሰልፎ የሚሄደውንና ሱሪ ውስጥ ገብቶ የሚያስጨፍረውን ገብረ ጉንዳን፣ በመሀል ያለው ሁሉ በቃ ጉንዳን ነው። ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ በመጠን ከቁጫጮቹ ጎራ ነው፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ቆማችሁ ወደ መሬት አይታችሁ "እሱ ነው" ማለት አትችሉም።

ማጉያ ስር ስታስገቡት ግን ነገሩ ይቀየራል። የደረቱ ጀርባ መጨረሻ ላይ ጥንድ ሹል ነገር አለው፣ ወገቡ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታም እንደዛው ሁለት ጫፍ አላት፣ አንቴናው ቢቆጠር 11 ክፍል ነው። ይሄ ሁሉ የሚነግራችሁ ሌፒሲዮታ የሚባለው ወገን (ብዙ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘ ቡድን) መሆኑን ብቻ ነው፣ ካኔሴንስ ነው ወይስ ሌላ ወንድሙ ለሚለው ወደ ታች እመለስበታለሁ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ካኔሴንስ በላቲን እየሸበተ ያለ እንደማለት ነው፣ ሽበቶ ብንለው አያስቀይምም።

የሙዚየም ሪከርድ የሚባለው ምንድነው?

አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ጉንዳን ለቀመ፣ አደረቀው ወይ አልኮል ውስጥ ከተተው፣ ከስሩ ትንሽ ወረቀት አደረገበት የት፣ መቼ፣ ማን፣ እንዴት የሚል። ሙዚየም ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ከዛ ወረቀቱ ላይ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተገለበጠ። ያ የተገለበጠው ነው ሪከርዱ። ጉንዳኑ ራሱ ናሙና ነው፣ ሪከርዱ የናሙናው ታሪክ ነው፣ ሰው ሁለቱን እየቀላቀለ ነው የሚያወራው።

እና ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ካላችሁኝ እኔ ወረቀቷን እላለሁ። ጉንዳን ሞልቷል፣ የት እንደተለቀመ የማይታወቅ ጉንዳን ግን የሞተ ጉንዳን ብቻ ነው።

ፎቶ አይበቃም? ለምን ይገደላል?

ለዝሆን ይበቃል። ለዚህ አይበቃም። ስልክ ካሜራ ላይ የወገቡ ጉብታ ቅርፅ፣ የፀጉሮቹ አይነትና ብዛት፣ የቆዳው አንፀባራቂነት አይወጣም፣ የሌፒሲዮታ ዝርያዎች ደግሞ የሚለያዩት በነዚህ ነው። ዛሬ በአንድ ስም የተመዘገበ ጉንዳን ከ30 አመት በኋላ ሁለት ዝርያ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ያኔ ናሙናው መሳቢያ ውስጥ ካለ አውጥቶ ማየት ነው፣ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ፎቶው ያላነሳውን ምን ታደርጉታላችሁ።

ለዛ ነው ዳታቤዞች ላይ "የተቀመጠ ናሙና" የሚለውና "የሰው እይታ" የሚለው ተለይቶ የሚፃፈው። የሁለተኛው አይነት ሪከርድ ለወፍ ግሩም ነው ለጉንዳን ግን ቢያንስ ለዚህኛው ወገን በጥርጣሬ ያዙት። መግደሉን በተመለከተ አንድ ጎጆ ውስጥ ያሉት ብዙ ናቸው፣ አምስት ስድስት ሰራተኛ ቢወሰድ ጎጆው አይጎዳም፣ ንግስት መውሰድ ሌላ ነገር ነው።

ሪከርዶቹን የት አገኛለሁ? ክፍያ አለው?

ክፍያ የለውም። ሁለት ቦታ ሂዱ። አንደኛው አንትዌብ ነው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ ነው የሚይዘው፣ ብራያን ፊሸር የሚባል የጉንዳን ሰው በ2002 የጀመረው፣ ጉንዳን ብቻ ነው ያለበት፣ የብዙዎቹ ናሙናዎች ፎቶ ከፊት ከጎንና ከላይ ተነስቶ ተቀምጧል፣ ሌብሉ (ከስሩ ያለችው ወረቀት) ራሱ ፎቶ ያለው ጊዜም አለ። ሁለተኛው ጂ.ቢ.አይ.ኤፍ ነው (ሰዎቹ ጂቢፍ ነው የሚሉት)፣ በ2001 የተቋቋመ ፅህፈት ቤቱ ኮፐንሀገን ያለ፣ የአለም ሙዚየሞች ዳታቸውን የሚያስገቡበት ትልቅ ቋት በሉት፣ ከጉንዳን እስከ ዝሆን። አንትዌብም ዳታውን እዛ ያስገባል።

ጂቢፍ ላይ ማየት በነፃ ነው፣ ዳውንሎድ ለማድረግ አካውንት መክፈት ያስፈልጋል እሱም ነፃ ነው። ዳውንሎድ ስታደርጉ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቴሲስ ላይ እሱን ነው የምትጠቅሱት፣ "ከኢንተርኔት የተገኘ" ብሎ መፃፍ ይቅርባችሁ።

አንድ ሪከርድ ስከፍት የማየው መአት ነገር ምን ማለት ነው?

በምሳሌ እንሂድ፣ ይሄን እኔ ለማስረጃ የፈጠርኩት ነው ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ። "ካሴንት" ብሎ የሚጀምር ሰባት አሀዝ ያለው ኮድ፤ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ፤ ኢትዮጵያ፣ አማራ፣ ባህር ዳር አጠገብ፤ 11.60 ሰሜን 37.38 ምስራቅ፤ 1800 ሜትር፤ ኦክቶበር 22 ቀን 2012፤ በእጅ የተለቀመ፤ ድንጋይ ስር፤ የደን ዳር። ከዛ የለቃሚው ስም፣ የለየው ሰው ስም፣ ናሙናው አሁን ያለበት ሙዚየም።

ኮዱ የናሙናው መታወቂያ ነው፣ ካሴንት የሚለው የካሊፎርኒያው አካዳሚ የነፍሳት ክፍል ነው፣ ጉንዳኑ ለጥናት ጀርመን ቢሄድ ቁጥሩ አብሮት ነው የሚሄደው። ከኮዱ ሌላ የለቀማ ቁጥር የሚባል አለ፣ ከአንድ ጎጆ በአንድ ጊዜ የተለቀሙት በሙሉ የሚጋሩት፣ እሱን ካላያችሁ አንዱን ጎጆ አስር ጎጆ አድርጋችሁ ትቆጥራላችሁ። ለቃሚና ለዪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው አብዛኛውን ጊዜ፣ ለቃሚው ቦታውን ነው የሚመሰክረው ለዪው ስሙን ነው፣ ስለዚህ ቦታው ከተሳሳተ ለዪውን አትውቀሱት።

ዘዴ የሚለውን ሰው ዘሎት ያልፋል፣ አትዝለሉት። በእጅ የተለቀመ ማለት ሰውዬው አይኑ ያረፈበትን ነው የያዘው። የጉድጓድ ወጥመድ ከሆነ መሬት ላይ የሚመላለስ ሁሉ ገብቶበታል። ዊንክለር የሚል ካያችሁ የረገፈ ቅጠል ተነፍቶ በከረጢት ተንጠልጥሎ ነፍሳቱ ወደ ታች እስኪወርዱ የተጠበቀበት ነው። ቱና ወይ ብስኩት ተቀምጦ የተያዘ ከሆነ ቀድሞ የደረሰውና ጉልበተኛው ነው የሚበዛው። አንድ ቦታ በብስኩት ብቻ ተለቅሞ "እዚህ ይሄ ጉንዳን ብቻ ነው ያለው" የሚል ድምዳሜ ሳይ ይገርመኛል፣ ድግስ ላይ የመጡትን አይቶ የሰፈሩን ህዝብ እንደመቁጠር ነው።

ናሙናው በአካል ምን ይመስላል?

ጉንዳኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ መርፌ አይወጋበትም። ጫፏ የሾለች ባለሶስት ማእዘን ካርቶን ትቆረጥና ጫፏ ላይ ነጥብ ሙጫ ተደርጎ ጉንዳኑ በደረቱ ስር በኩል ይለጠፍባታል፣ መርፌው የሚያልፈው በካርቶኗ ወፍራም በኩል ነው። ከስር ሌብሎቹ ይደረደራሉ፣ የቦታው፣ የስሙ፣ የኮዱ። ቀይ ሌብል ካያችሁ ባብዛኛው ታይፕ ናሙና ነው ማለት ነው፣ ስሙ የተሰጠበት ራሱ፣ እሱን ሙዚየሙ እንደ አይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።

ሌላው አልኮል ውስጥ የሚቀመጠው ነው፣ ለዲኤንኤ የሚሆነው እሱ ነው፣ ለዛ 95 ፐርሰንት ኤታኖል ነው የሚመከረው። አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፣ ቀልዱን አልነበረም ገጠር ላይ ሌላ አላገኘም፤ ለጊዜው ከመበስበስ ያተርፈው ይሆናል ለዲኤንኤ ግን አትመኑት።

ለምን አንዳንድ ሪከርድ ላይ አካንቶሌፒስ ይላል? ሌላ ጉንዳን ነው?

ያው ራሱ ነው። ወገኑን ማይር የሚባል የጉንዳን አጥኚ በ1861 አካንቶሌፒስ ብሎ ሰይሞት ነበር፣ ግን ያ ስም ከሱ በፊት በ1846 ለአሳ ተሰጥቶ ነበር፣ በእንስሳት አሰያየም ህግ ደግሞ አንድ የወገን ስም ለሁለት አይሰጥም የቀደመ ይወስዳል። ስለዚህ ጉንዳኖቹ ሳንቺ የሚባል ሌላ የጉንዳን አጥኚ በ1926 ወዳወጣው ሌፒሲዮታ ወደሚለው ስም ዞሩ። የድሮ ሌብል ላይ ያለው አይፋቅም፣ አዲስ ሌብል ከስሩ ይጨመራል እንጂ። ስትፈልጉ ሁለቱንም ስም ፈልጉ፣ አንዳንዱ ዳታቤዝ ራሱ ያገናኛቸዋል አንዳንዱ አያገናኝም።

መጀመሪያ የተለቀመው የት ነው? ጣሊያን ምን ይሰራል?

ስሙን ያወጣው ካርሎ ኤመሪ ነው፣ ጣሊያናዊ፣ በ1897፣ የአድዋ ጦርነት በሆነ በአመቱ መሆኑ ነው። ጉንዳኖቹን ግን ኤመሪ መጥቶ አልለቀመም፣ ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የሚባል ወጣት መኳንንት በሶማሌና በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ባደረገው ጉዞ የተሰበሰቡ ናቸው፣ እና የጉዞው ስብስብ ጄኖቫ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ፣ ፅሁፉም የወጣው እዛው ሙዚየም መፅሄት ላይ ነው። ሰውዬው ግን ሲታተም አላየውም፣ በዲሴምበር 1893 እዛው ደቡብ ላይ ዝሆን ገደለው።

እዚህ ላይ ስለ ሌብል ላውራ፣ ምክንያቱም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ሩስፖሊ ከለቀማቸው ነገሮች አንዷ ቆንጆ ወፍ ነበረች፣ አሁን የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ የምትባለው። ሳልቫዶሪ የሚባል የወፍ አጥኚ በ1896 ስም ሰጣት፣ ግን የት ቦታ እንደተያዘች የተፃፈ ነገር አልነበረም፣ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሞቷል። ወፏ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ለሳይንስ ሰዎች የት እንዳለች ሳትታወቅ ቀረች፣ አስቡት፣ ናሙናዋ ጄኖቫ መሳቢያ ውስጥ ተኝታ። (የነጌሌና የአረሮ ሰው መቼም ወፊቱን በየቀኑ ያያት ነበር፣ የጠየቀው የለም እንጂ።) አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጎድላ ነው ይሄ ሁሉ። ወፍ እንኳን ትልቅ ናት ትጮሀለች፣ ጉንዳን ሲሆን ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

የ38 ኪሎሜትሩ ቤተሰብ የተባለው ይሄ ነው? ሪከርዱ ላይ ያንን ማየት እችላለሁ?

አዎ ይሄ ነው። ማግዳሌና ሶርገር፣ የኛው ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ፣ ማርክ ሞፌት፣ ማርጋሬት ሎውማንና ሌሎች ያሉበት ጥናት በ2016 መጨረሻ ላይ ወጥቶ ነበር፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተክርስቲያን ደኖች አካባቢ የተሰራ። ብዙ ጊዜ የአንድ ጎጆ ጉንዳን ከሌላ ጎጆ ጉንዳን ጋር ሲገናኝ ይጣላል፣ እነዚህ ግን ራቅ ራቅ ካለ ቦታ መጥተው አንድ እቃ ውስጥ ሲደረጉ እንደ ቤተሰብ ይተላለፋሉ። ሱፐርኮሎኒ የሚሉት ይሄን ነው፣ ትልቁ 38 ኪሎሜትር ያህል ላይ የተዘረጋ ነበር። ተመራማሪዎቹን የገረማቸው ደግሞ በዘረ መል ሲታዩ አንድ አይነት አለመሆናቸው ነው፣ ምክንያቱም ሌላ አገር ገብተው ሱፐርኮሎኒ የሚሰሩ ወራሪ ጉንዳኖች ብዙ ጊዜ ከጥቂት መጤዎች የተዋለዱ ስለሆኑ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ይሄኛው ግን በገዛ አገሩ ነው እንዲህ የሆነው።

ሪከርዱ ላይ ማየት ለሚለው ግን አይታይም። ሪከርድ ላይ "ተጣሉ ወይስ ታረቁ" የሚል ኮለም የለም። የሚታየው ነጥብ ነው፣ እዚህ ተለቀመ፣ እዛም ተለቀመ። ሁለት ነጥቦች በ38 ኪሎሜትር ተራርቀው ስላያችሁ አንድ ሱፐርኮሎኒ ናቸው ማለት አትችሉም፣ በመሀል ተራ ጎጆዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ያንን የሚያሳየው የመስክ ሙከራውና ዲኤንኤው ነው፣ ናሙናው የሚያገለግለው "ያጠናችሁት ጉንዳን በርግጥ የቱ ነበር" ተብሎ ሲጠየቅ አውጥቶ ለማሳየት ነው።

ወራሪ ነው ይባላል፣ ከሪከርድ ይታወቃል እንዴ?

ገና ወራሪ አይደለም፣ ፀባዩ ግን ያሰጋል ነው የተባለው። ደኑም ውስጥ አለ፣ በሰው እጅ የተነካካ መሬት ላይም አለ፣ ብዙ ሆኖ ነው የሚኖረው። ዘመዱ ሌፒሲዮታ ፍራውንፌልዲ አውስትራሊያ ገብቶ በ2015 ዳርዊን ወደብ ላይ ተገኝቶ ብዙ አስቸግሯል። ሪከርድ እዚህ ላይ ጠቃሚ የሚሆነው ከጊዜ ጋር ነው፣ አንድ ከተማ ላይ በየአስር አመቱ የተለቀመ ስብስብ ካለና ጉንዳኑ ድንገት ከአንድ አመት ጀምሮ ብቅ ካለ መጤ ነው ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። የኛ አገር ችግር የድሮው ስብስብ ራሱ ስስ መሆኑ ነው፣ ማነፃፀሪያ ከሌለ "አዲስ መጣ" እና "አዲስ አየነው" አይለዩም።

ካርታው ላይ ነጥብ የሌለበት ቦታ ጉንዳኑ የለም ማለት ነው?

አይደለም!! ይሄን ጥያቄ በሳምንት አንዴ እመልሳለሁ። ነጥብ የሌለበት ቦታ ለቃሚ ያልሄደበት ነው። ካርታውን ከመንገድ ካርታ ጋር ብትደርቡት ነጥቦቹ አስፋልት ተከትለው፣ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ዙሪያ፣ ጥሩ ሆቴል ያለበት አካባቢ ተሰብስበው ታገኙዋቸዋላችሁ፣ ጉንዳኑ ግን ለአስፋልት ደንታ የለውም። በእግር አራት ሰአት የሚወስድ ደብር ያለውን ደን የሚያውቀው ቄሱና ቆሎ ተማሪው ነው።

ትንሽ ሻል ያለው ዘዴ ሌሎች ጉንዳኖች እዛ ቦታ ተለቅመው እንደሆነ ማየት ነው። አንድ ቦታ ላይ በሶስት አይነት ዘዴ ተለቅሞ ብዙ አይነት ዝርያ ተገኝቶ ይሄኛው ከሌለ፣ እሱ አለመኖሩን ቢያንስ ይጠቁማል። ባዶ ቦታ ግን ምንም አይጠቁምም።

ነጥቡ ባህር ውስጥ ወጣብኝ፣ ምንድነው?

ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገላብጠዋል። ባህር ዳርን 11.60 ሰሜን 37.38 ምስራቅ ብላችሁ በመፃፍ ፈንታ ብትገለብጡት ሲሲሊና ቱኒዚያ መሀል ባህር ላይ ትወድቃላችሁ፣ ባህር ዳር እውነትም ባህር ገባች ማለት ነው። ከ11.60 ፊት የመቀነስ ምልክት በስህተት ከገባ ደግሞ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ድንበር አካባቢ ትሄዳለች። ነጥቡ ዜሮ ዜሮ ላይ፣ ጊኒ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ከሆነ ቁጥሩ ባዶ ነበር ኮምፒውተሩ ዜሮ አድርጎት ነው።

እነዚህ ግልፅ ስለሆኑ አያስፈሩም። የሚያስፈራው የማይታየው ስህተት ነው። 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ የሚለውን ሰው 11.36 ብሎ ይፅፈዋል፣ ትክክሉ ግን 11.60 ነው ምክንያቱም ደቂቃ ከ60 ነው የሚካፈለው። ልዩነቱ ወደ 26 ኪሎሜትር ወደ ደቡብ ነው፣ አሁንም ኢትዮጵያ ነው፣ አሁንም ደጋ ነው፣ ካርታ ላይ ማንም አይጠረጥረውም። ከፍታውን ቼክ አድርጉ፣ ሪከርዱ 1800 ሜትር እያለ ነጥቡ ያረፈበት ተራራ 2400 ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሀዞችም እዩ፣ ሁለት አሀዝ ብቻ ካለ እርግጠኝነቱ በኪሎሜትር ነው፣ ሶስት ከሆነ መቶ ሜትር ገደማ። የ1890ዎቹ ናሙና ላይ ስድስት አሀዝ ካያችሁ ደግሞ በኋላ ሰው ከካርታ ላይ ገምቶ ያስገባው ነው፣ ሩስፖሊ ጂፒኤስ አልነበረውም።

ቀኑ ግራ አጋባኝ፣ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

አለም አቀፍ ዳታቤዝ ላይ በፈረንጅ መሆን አለበት፣ አለበት ነው ያልኩት ነው አላልኩም። የኛ ሰው መስክ ላይ "12/2/2005" ብሎ ይፅፋል፣ ጥቅምት 12 ቀን 2005 ማለቱ ነው፣ ይሄ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 2012 ነው። ያንን ሌላ አገር ያለ ሰው ሳይቀይር ሲያስገባው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2005 ይሆናል፣ አሜሪካዊ ካስገባው ደግሞ ዲሴምበር 2 ይሆናል። ሰባት አመትም ተሳሳተ፣ ከክረምት መውጫ የነበረው በጋ ሆነ። እኔ ራሴ ይሄን ተሳስቻለሁ፣ የራሴን እስክሪብቶ ፅሁፍ አይቼ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

መፍትሄው ወሩን በፊደል መፃፍ ነው፣ "ጥቅምት" ያለ ሰው በምንም አይሳሳትም። የድሮ ፈረንጆች ወሩን በሮማ ቁጥር ነበር የሚፅፉት፣ ቀኑ በተራ ቁጥር ወሩ በሮማ፣ እስካሁንም ነፍሳት ላይ የሚሰሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ ጥሩ ዘዴ ነው።

የድሮ ሌብል ላይ ያለውን የቦታ ስም ማስተካከል ይቻላል?

ዋናው አይነካም፣ እንደተፃፈው ከነስህተቱ ይገለበጣል፣ የዛሬው ስም በሌላ ኮለም ይገባል። ጣሊያኖች በሰሙት ልክ ስለፃፉ የወንዙና የከተማው ስም የማይታወቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አንዳንድ አካባቢ ደግሞ ዛሬ ስድብ በሆነ ስም ተፅፏል፣ እሱን ለህዝብ በሚታየው ገፅ ላይ በትክክለኛው ስም መተካት ተገቢ ነው፣ መዝገቡ ላይ ያለው ግን ለፍለጋ ስለሚያስፈልግ ይቀመጣል። አቢሲኒያ ብቻ የሚል ሌብል ካገኛችሁ ደግሞ አገሩን በሙሉ ማለት ነው፣ መሀል አገር ላይ ነጥብ አታድርጉበት፣ አንዳንድ ዳታቤዝ እንዲህ አድርጎ ያስቀምጠዋል ከዛ ሰው ያንን ነጥብ አምኖ የአየር ንብረት ሞዴል ይሰራበታል።

ስሙ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንዳንዱ ላይ "ሲኤፍ" ወይ "ኤስፒ" ይላል።

ኤስፒ ማለት ወገኑን አውቀነዋል ዝርያውን አላወቅነውም ነው። ሲኤፍ ካኔሴንስ ማለት ካኔሴንስን ይመስላል ከዋናው ናሙና ጋር መነፃፀር አለበት ነው። ሰው እንደ ድክመት ያየዋል፣ ለኔ ግን ሲኤፍ ብሎ የፃፈ ሰው ደፍሮ ካኔሴንስ ብሎ ከፃፈው ይልቅ ይታመናል፣ የአፍሪካ ሌፒሲዮታ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው።

ቼክ ማድረጊያው እንዲህ ነው፦ ማን ለየው፣ መቼ ለየው፣ ጉንዳን ላይ የሚሰራ ሰው ነው ወይስ የፕሮጀክት ተማሪ፣ ከታይፑ ፎቶ ጋር ተነፃፅሯል ወይ። የለዪ ስም የሌለው ሪከርድ ካለ አስቀምጡት ግን ዋና ድምዳሜ አትስሩበት። ጥርጣሬ ካላችሁ ሙዚየሙን ፎቶ ጠይቁ፣ ኢሜይል ነው ወጪው። ዲኤንኤ ከፈለጋችሁ አንዳንዴ አንድ እግር ይበቃል፣ ግን ከታይፕ ናሙና እግር ስጡኝ ብላችሁ መጀመሪያ ኢሜይል ላይ እንዳትፅፉ።

40 ሪከርድ ካለ 40 ጉንዳን ነው ወይስ 40 ጎጆ?

ሁለቱም ላይሆን ይችላል። አንድ መርፌ ላይ ሶስት ጉንዳን ተደርድሮ አንድ ሪከርድ ይሆናል፣ አንድ ብልቃጥ ውስጥ 200 ሆኖም አንድ ሪከርድ ይሆናል። ባንፃሩ ከአንድ ጎጆ የተለቀሙ ስምንት ጉንዳኖች ለየብቻ ኮድ ተሰጥቷቸው ስምንት ሪከርድ ይሆናሉ፣ ከዛ ግማሾቹ ለሌላ ሙዚየም ተሰጥተው እዛም በሌላ ቁጥር ይመዘገባሉ። ኤክሴል ላይ ቦታ፣ ቀንና ለቃሚ አንድ የሆኑትን አንድ ላይ ሰብስባችሁ እንደ አንድ ለቀማ ቁጠሩ፣ ብዙ ጊዜ 40ው ወደ ስምንት ዘጠኝ ይወርዳል። የሪከርድ ብዛት የጉንዳን ብዛት አይደለም፣ የለቃሚ ትጋት ብዛት ነው።

እኔ ለቅሜ ውጪ አገር ላለ ሙዚየም መላክ እችላለሁ?

ዝም ብሎ አይቻልም። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘት ፈቃድ) አዋጅ የሚባል አለ፣ ቁጥር 482/1998 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ፈቃዱ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሀ ህይወት ኢንስቲትዩትን ነው፣ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የተደረገው አለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ስራ ላይ ስለሆነ ደህና ሙዚየም ያለ ወረቀት የመጣ ናሙና አይቀበላችሁም። "ጉንዳን እኮ ነው፣ ማን ያየዋል" የሚል መልስ ሰምቻለሁ፣ ፖስታ ቤቱ ላያየው ይችላል፣ መፅሄቱ ግን ወረቀቱን አምጡ ይላችኋል ያኔ የሁለት አመት ስራ ይቆማል።

ፓርክ ከሆነ የፓርኩ ፈቃድ ለብቻው ነው። የቤተክርስቲያን ደን ከሆነ መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ አናግሩ፣ ጫማ ይውለቅ የሚባል ቦታ አለ፣ የማይገባበት ሰአት አለ፣ ጉንዳን ልለቅም ነው የመጣሁት ስትሉ መሳቃቸው አይቀርም ግን ብዙ ጊዜ ጎጆው የት እንዳለ የሚያሳዩዋችሁ እነሱ ናቸው። ናሙናውን አገር ውስጥ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ አራት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጠይቁ። ስትለቅሙ ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ የምትከቱትን ወረቀት በእርሳስ ፃፉት፣ በቢክ የተፃፈ አልኮል ውስጥ ሟምቶ ይጠፋል፣ ብልቃጡ ላይ ከውጪ የተፃፈውም በአልኮል ጣት ሲነካ ይለቃል።